ዓሣ አጥማጅ የሚሻማበት የሩዝ ማሳ

ጃፓን ውስጥ ወደሚገኘው ኢሴ ከሚጎርፈው ተሳላሚ አብዛኛው ከታላላቆቹ ሁለት መቅደሶች ደጅ ይመለሳል። በኪንቴትሱ ባቡር ወደ ሺማ ገፍቶ ካሚኖጎ ጣቢያ የሚወርደው ጥቂት ነው፤ ከጣቢያዋ በእግር ትንሽ እንደተሄደ የሚገኘው ኢዛዋኖሚያ ግን ከኢሴ ቅርንጫፍ መቅደሶች አንዱ ነው። ሕንፃው እንደ ኢሴዎቹ ቀለም ያልነካው እንጨት ሲሆን በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል። እኔ የማተኩረው ግን ከአጥሩ ውጭ ባለው የመቅደሱ ማሳ ላይ ነው። የግብርና ሥርዓት የገበሬ ብቻ ነው የሚለው ግምት እዚያ ጭቃ ላይ ሲደርስ አይጸናም።

ጁን 24 ቀን በማሳው የሚደረገውን የሩዝ ተከላ እንመልከት። ከተከላው በፊት ጫፉ ላይ ግዙፍ ማራገቢያ የታሰረበት ረጅም ቀርከሃ ወደ ማሳው ይጣላል፤ ወገባቸው ላይ ብቻ ያገለደሙ ወንዶችም ጭቃው ውስጥ እየተንከባለሉ ይሻሙበታል። በልማዱ የቀርከሃውን ስባሪ አጥብቆ የሚፈልገው ዓሣ አጥማጁ ነው፤ ለጀልባው ጥበቃ ያኖረዋል። በዚያው ቀን ሰባት ሻርኮች መቅደሱን ሊሳለሙ ይመጣሉ ስለሚባል፣ አማ የሚባሉት ጠላቂ ሴቶች ባሕር አለመግባት ወጋቸው ነው። ከዚያ ነጭ ለብሰው ቀይ ማሰሪያ ያጠለቁ ልጃገረዶች ከወንዶች ጋር በመደዳ ቆመው፣ በከበሮና በዋሽንት ታጅበው ችግኙን በእጃቸው ይተክላሉ። መሀል ላይ ሥራው ቆሞ ሳኬ የተባለው የሩዝ መጠጥ ይዞራል፤ ማወራረጃውም ዋካሜ የተባለው የባሕር ተክል ነው። የማሳው ድግስ ሳይቀር በባሕር ምርት ነው።

የሚቃወም አይጠፋም፦ ዛሬ ጃፓን ውስጥ ሩዝ የሚተክለው ማሽን ነው፣ ገበሬውም አርጅቷል፤ በ1990 በአገር ደረጃ በቅርስነት የተመዘገበ ሥርዓት ከትርኢት በምን ይለያል? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ለፎቶ ብቻ የሚመጣ ሰው እንዳለም እውነት ነው። ነገር ግን እዚህ የተተከለው ይበቅላል፣ ይታጨዳል፣ ለመባም ይቀርባል። አዘጋጅነቱም የአካባቢው መንደሮች በየተራ የሚሸከሙት ግዴታ ነው፤ ተራው የደረሰው መንደር ተካዩንም ከበሮ መቺውንም ከራሱ ልጆች አውጥቶ ያለማምዳል። ገበሬው ሲመናመን ሥርዓቱ ባዶ ይቀራል የሚለው ክርክር የሚያስኬደው፣ ሥርዓቱ ከጥንቱ የገበሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነበር። የሺማ ሰው ግን ኑሮው በማዕበል ላይ ሆኖ እንኳ ከዚህ ማሳ ድርሻውን ሲጠይቅ ኖሯል። እኔ ከማሽኑ ይልቅ የምሰጋው ሌላ ነገር ነው፤ የገጠሩ ወጣት ወደ ከተማ እየሄደ ነው፣ ተራው የደረሰ መንደር ደግሞ የሚያሰልፈው ልጅ ሊኖረው ይገባል።