ስሙን ያስጠበቀ አይብ

«ፌታ» ተብሎ የሚሸጥ ነጭ አይብ ሁሉ ፌታ አይደለም። ክርክሩ የጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤት ባልደረሰ ነበር። ጉዳዩ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ፌታ ማለት በተወሰኑ የግሪክ አካባቢዎች ቢያንስ 70 በመቶው ከበግ፣ ቀሪው ከፍየል ወተት ተሠርቶ፣ ቢያንስ 2 ወር የቆየ አይብ ነው። የላም ወተት አይገባበትም። ላም ብዙ ስለምትታለብ አይቧ ይረክሳል፤ በአንድ ስም ከተሸጡ በግ አርቢው ከገበያ ይወጣል።

ስሙ እ.ኤ.አ. በ2002 ለግሪክ ተመዘገበ። ዴንማርክና ጀርመን «ፌታ የወል ስም ነው» ብለው ከሰሱ፤ በ2005 ተረቱ። ፍርድ ቤቱ ካነሳቸው ነጥቦች አንዱ፣ ከግሪክ ውጭ የተሠራው አይብም ማሸጊያው ላይ ግሪክን የሚያስታውስ ነገር መኖሩ ነው። ስሙ የማንም ከሆነ የግሪክን ምልክት መለጠፍ ለምን አስፈለገ? ዴንማርክ ወደ ውጭ በሚላከው አይቧ ላይ ስሙን ባለማስከልከሏ በ2022 ዳግም ተፈርዶባታል።

አያያዙም ከአሠራሩ ይመነጫል። ፌታ በጨው ውሃ ውስጥ የበሰለ ስለሆነ ከውሃው ሲወጣ ይደርቃል። የመጣበት ውሃ አይደፋም፤ በሚከደን ዕቃ ከነውሃው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ውሃው ካነሰ ጨው በጥብጦ መሙላት ነው። እሳት ላይ እንደ ሞዛሬላ አይሳብም፤ ለስልሶ ቅርጹን ይይዛል። ለዚህ ነው ግሪኮች ከቆስጣ ጋር በስስ ሊጥ ጠቅልለው የሚጋግሩት። የምግቡ ጨው አይቡ ከገባ በኋላ ተቀምሶ ይጨመራል። ውጭ አገር የአገር ቤት አይብ አጥቶ ከክትፎ ጋር ፌታ ለሚያቀርብ ደግሞ፣ አስቀድሞ ወተት ውስጥ ቢነክረው ጨዉ ይቀንስለታል።

ኢትዮጵያም የስምን ዋጋ ታውቃለች። የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ ቡናን ስም አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ በ2005 አመልክታ፣ ከስታርባክስ ጋር ተወዛግባ በ2007 ተስማምታለች። ግሪክ ግን ከስሙ ጀርባ ወተቱን፣ ቦታውንና ጊዜውን የሚወስን ደንብም አላት። የትግራይ ነጭ ማርም ሆነ የማረቆ በርበሬ ተፈላጊ ናቸው። ስኳር የተቀላቀለበት ማር በዚያው ስም ሲሸጥ ግን የሚጎዳው ንጹሑን ይዞ የመጣው ገበሬ ነው። ስለዚህ ስሙን ለማስመዝገብ ከመሮጥ በፊት፣ ምን ሲገባበት ማሩ ያንን ስም እንደሚያጣ አምራቾቹ ራሳቸው ተስማምተው ይጻፉት።