አሮጌ ጀልባ በትንሽ ገንዘብ



ከጦርነቱ በፊት ኦምዱርማን ሳለን፣ ለልጆች ትምህርት ቤት ካስቀመጥነው ገንዘብ ቀንሰን አንዲት አሮጌ የፋይበርግላስ ሞተር ጀልባ ገዛን። የአቡ ሮፍ ጀልባ ሠሪዎች ሱንት ከሚባለው ግራር ነበር የሚሠሩት፤ ፋይበርግላስ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ ለእኔም አዲስ ነበር።

መጀመሪያ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሳንቃ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረግሁት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ ከታፈነ ውስጡ በስብሷል። የእኛው ታፍኖ ነበር። ስለዚህ ቀለሙም ወንበሩም ቀርቶ ገንዘቡ ለሳንቃው ዋለ። ባለቤቴ «ሆዷን ማን ያያል?» ቢለኝ፣ «ውኃው ያያል» አልኩት።

የሚጠገነው ቦታ መድረቅና በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አለበት፤ ከብናኙ አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ለ100 ግራም ፖሊስተር ሬዚን ማጠንከሪያው ከ1 እስከ 2 ግራም ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቀብታችሁ ሳትጨርሱ ይጠነክራል፤ ጎህ ሲቀድ በትንሽ በትንሹ በጥብጡ።

ጀልባዋ ቀለም ሳትቀባ ለሞረዳ ገበያ ዓሣ ማመላለስ ጀመረች፤ የትምህርት ቤቱንም ገንዘብ ቀስ በቀስ መለሰች። በንግድም እንዲሁ ነው፤ የሚያሰጥመው ቀዳዳ ሳይደፈን ለጌጥ ገንዘብ አታውጡ።