«ለእማዬ ልላክላት ወይ ቲቸር?»

ዛሬ ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል። ሻይ ይዛችሁ አረፍ በሉና አንብቡት፤ ወሬውም ስለ ሻይ ነው።

ሚኒሶታ የምትኖር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በሜሴንጀር ፎቶ ላከችልኝ። በላስቲክ የታሸገ፣ ደርቆ የተጨማደደ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አበባ ነው። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ሰማያዊ ሎተስ ይሉታል። በፈላ ውሃ ዘፍዝፈው ሲጠጡት ያረጋጋል፣ እንቅልፍ ያመጣል እያሉ ኦንላይን ይሸጡታል። እማዬ እንቅልፍ ካጣች ሰነበተች። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ ልላክላት ወይ ቲቸር?»

እናቷን አውቃቸዋለሁ። ጎረቤት ማለት ይቻላል፤ እኔ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ነኝ፣ እሳቸው አጠና ተራ ወረድ ብሎ ነው ቤታቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ የደም ግፊት ክኒን ይወስዳሉ፣ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ስለዚህ ነገሩን በአንድ «እሺ» ወይም በአንድ «ተዪው» ማለፍ አልሆነልኝም። «ሰውየው መቼ ነው የሚነሳው?» አልኳት። «የዛሬ ሳምንት» አለችኝ። «እንግዲያው እስከዚያ ጊዜ ስጪኝ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ያወራነውን እዚህ የማካፍላችሁ እሷም እናቷም ፈቅደውልኝ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ያለ ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ይመጣል፤ አንዱ ዱቄት፣ አንዱ ሥር፣ አንዱ አበባ ይዞ።

መጀመሪያ አበባዋን እንወቃት። «ሰማያዊ ሎተስ» የሚለው የገበያ ስም ነው እንጂ ሎተስ አይደለችም። ዋተር ሊሊ ናት፤ ሳይንሱ «ኒምፊያ» ይላታል። እውነተኛው ሎተስ የእስያ ተክል ነው፤ ቅጠሉም አበባውም ከውሃው በላይ ብድግ ብሎ ይቆማል። ቬትናሞች በአበባው ሽታ አረንጓዴ ሻይ ያውዳሉ። የዋተር ሊሊ ቅጠል ግን ውሃው ላይ ተዘርግቶ ይንሳፈፋል። ክፍል ውስጥ የጠየቅኳችሁን የምታስታውሱ ካላችሁ፦ የብዙ ተክሎች መተንፈሻ ቀዳዳ የሚበዛው ከቅጠሉ ሥር ሆኖ ሳለ የእሷ ለምን ከላይ ሆነ? ሥሩ ውሃ ላይ ተኝቷላ! በየት ይተንፍስ?

ይህቺ ተክል ለእኛ ባዕድ አይደለችም። ጣና ዳር ደንገሉ መሀል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ያውቃታል። ጠዋት ትፈካለች፣ ከሰዓት በኋላ ትከደናለች። ዓባይ ወርዶ ወርዶ ግብፅ ሲደርስም እሷው አለች። የጥንት ግብፆች ጠዋት መከፈቷን ከፀሐይ መውጣት ጋር አያይዘው በየመቃብራቸው ግድግዳ ሥለዋታል፤ በ1922 እ.ኤ.አ. በተገኘው የቱታንካሙን መቃብር ውስጥም ቅጠሏ ከአበባ ጉንጉኖቹ ጋር ተገኝቷል። ሻጮቹ «የፈርዖኖች ሻይ» የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው። መቃብር ውስጥ መገኘቷ ግን ለእንቅልፍ ይጠጧት እንደነበር አያሳይም። በእኛም አገር ሰርግ ቤት ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላ አንዱ ፈረንጅ አግኝቶት «የሐበሾች ሻይ» ቢለው ምን ትላላችሁ?

ታዲያ ምንም ነገር የላትም ማለት ነው? አይደለም። ኑሲፈሪን የሚባል አንጎል ላይ የሚሠራ ንጥረ ነገር ይገኝባታል። የኔም ፍርሃት እዚህ ላይ ነው። ምንም ባይኖራት ኖሮ «ላኪ፣ ቢያንስ ቤታቸውን ታሸታለች» እል ነበር። ግን የሚያደነዝዝ ነገር ካለባት መጠን አላት ማለት ነው፤ ፓኬቱ ላይ ደግሞ የተጻፈ መጠን የለም። አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ «ሰማያዊ ሎተስ» አጭሰው ወይም ጠጥተው ግራ ተጋብተውና ፈዝዘው ድንገተኛ ክፍል የገቡ አምስት ወታደሮች ጉዳይ በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ሩሲያና ፖላንድ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጭራሽ ከልክለዋታል። ጤነኛ ወጣት ወታደር የሚያደናግር ነገር፣ ለሰባ ዓመት እናት፣ ከግፊት ክኒን ጋር፣ ሌሊት ለብቻቸው ለሽንት በሚነሱበት ቤት? አንድ መውደቅ እኮ ነው። በዚያ ዕድሜ ዳሌ ተሰበረ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያስታመመ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ነገር ውሃው ነው። «እንግዲያው ከአገር ቤት ለቅመን እናድርቅ» የምትሉ አትጠፉም። እባካችሁ ተዉ። ሐይቅ ላይ ወይንጠጅ አበባ ያየ ሁሉ ዋተር ሊሊ አየ ማለት አይደለም፤ እንቦጭ ሊሆን ይችላል። ይሄ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው አረም በ1965 እ.ኤ.አ. ቆቃና አዋሽ ላይ፣ በ2011 ደግሞ ጣና ላይ ታየ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንቦጭ ከባድ ብረቶችን ከውሃ ውስጥ መጦ በአካሉ ስለሚያከማች ፍሳሽ ለማጣራት የሚጠቀሙበት አገሮች አሉ። የቆሸሸ ውሃ ውስጥ የበቀለ ተክል ውሃውን ይዞ ነው የሚደርቀው። እኛ ኮልፌዎች ደግሞ ይሄን ለመረዳት ጣና ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ትንሹ አቃቂን ወርደን ማየት ነው፤ ቀለሙን፣ ሽታውን። ወርዶ ወርዶ አባ ሳሙኤል ይገባል። ከዚያ የተለቀመ አበባ በፌስታል ደርቆ ቢመጣ በምን ታውቁታላችሁ? ሲደርቅ ሁሉም አንድ ይመስላል።

ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም አለችና «እሺ ቲቸር፣ እና እማዬ ምን ትሁን?» አለችኝ። ልክ ናት። «አትላኪ» ማለት ቀላል ነው፤ እንቅልፍ ግን አላመጣም።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት እናቷ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም እንደ ልጃቸው «ቲቸር» ነው የሚሉኝ። ቡና ተፈልቶ ነበር። ተጫወትን። እኔም ምን እንደሚያረጋጋቸው ሳይሆን ምን እንደሚያነቃቸው ጠየቅኳቸው።

አንደኛ፣ ቡናው። በየቀኑ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከጎረቤት ጋር ይጠጣሉ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የቡና ካፌይን ከደማችን ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የተጠጣው፣ አምስት ሰዓት ላይ ጋደም ሲሉ ገና ግማሹ አለ። «ድሮም እንዲሁ እጠጣ አልነበር?» አሉኝ። ነበር። ግን ዕድሜ ሲገፋ እንቅልፍ ራሱ ይሳሳል፤ ድሮ ያልቀሰቀሰን ዛሬ ይቀሰቅሰናል።

ሁለተኛ፣ ክኒኑ። አምጡት እስቲ አልኳቸው። ካሉት የግፊት መድኃኒቶች አንዱ ሽንት የሚያስወጣ ዓይነት ነው፤ እሳቸው ደግሞ እንዳይረሱት ብለው ማታ ነው የሚውጡት። ሌሊት ሦስቴ ያስነሳቸዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ስለዚህ «ሰዓቱን ይቀይሩት» አላልኳቸውም። ሰኞ አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ሲስተሯ አየችና ጠዋት እንዲወስዱት ነገረቻቸው። በቃ። ሦስት ደቂቃ ነው የፈጀው።

ሦስተኛውን ለመናገር ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው። ስልካቸው ትራስ ሥር ነው የሚያድረው። ልጃቸው የሌሊት ሥራ ልትገባ ስትል፣ በእሷ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የድምፅ መልእክት ትልካለች፤ «ጠዋት ስትነሳ ትስማው» ብላ ነው። ያ ሰዓት እዚህ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። እሳቸው ግን ጠዋት አይደለም የሚሰሙት። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ዓይናቸው ፈጦ ነው የሚጠብቁት። «ድምጿን ሳልሰማ ሥራ ከገባች ይከፋኛል። መንገዱ በረዶ ነው ትለኛለች» አሉኝ።

ታዲያ ይሄን የትኛው አበባ ነው የሚያስተኛው? ሰማያዊውን ቢጠጡ ደንዝዘው ይተኙ ይሆናል፤ መልእክቱ ሲመጣ ግን አይሰሙትም። እሳቸው የሚፈልጉት ደግሞ መስማቱን ነው።

ለልጅቷ ነገርኳት። አለቀሰች፤ ሳላስለቅሳት ብነግራት ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አልተቻለም። አሁን መልእክቷን ስትገባ ሳይሆን ስትወጣ ነው የምትልከው፤ ቤቷ ስትደርስ፣ በእኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ። «ገባሁ እማዬ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። «ልሄድ ነው» ከሚለው ይልቅ «ገባሁ» የሚለው ለእናት እንደሚሻል መቼም ለእናንተ አልነግርም።

ሻዩን አልረሳሁትም። እኛ ቤት የሚያረጋጋ ሻይ ሞልቷል። እኔ ይዤላቸው የሄድኩት ጦስኝ ነው፤ ከሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከመንዝና ከጓሳ በኩል የሚመጣው። ሳይንሳዊ ስሙ «ቲመስ ሺምፐሪ» ነው፤ በ1837 እ.ኤ.አ. አገራችን ገብቶ፣ እዚሁ ኖሮ፣ በ1878 አድዋ ላይ በሞተው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ በሺምፐር ስም የተጠራ። ሽታው የሚመጣው ቲሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ ቅባቶች ነው። ለሳል፣ ለሆድ፣ ለራስ ምታት እናቶቻችን ሲያፈሉት ኖረዋል። ለግፊትም የሚጠጡት ስላሉ ለሲስተሯ ነገርናት፤ «አንድ ስኒ ይጠጡ፣ ክኒኑን ግን በሻይ አይተኩ» አለች። እናንተም ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

አፈላሉ እንዲህ ነው። ውሃው ይፍላ፣ ከእሳት ይውረድ፣ ከዚያ በሦስት ጣት የሚነሳ ጦስኝ ጨምሮ መክደን፣ አምስት ደቂቃ ማቆየት፣ ማጥለል። አብሮ ማንተክተክ ሽታውን ያባርረዋል። ሻይ ቅጠል አትጨምሩበት፤ እሱም ካፌይን አለበት። ጦስኝ የማትወዱ ጠጅ ሳር ወይም ናና ሞክሩ። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ማንኛውንም ቅጠል ከማዘውተራችሁ በፊት ጠይቁ፤ በተለይ ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር እንዲህ በዋዛ የሚጠጣ አይደለም። ስትገዙም ከነሥሩ ከተነቀለው ይልቅ ጫፉ የታጨደውን ምረጡ፤ ከነሥሩ የተነቀለ ለከርሞ አይበቅልም።

እናቷ አሁን ቡናውን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አሳልፈው አይጠጡም። ማታ ጎረቤቶቻቸው ሲመጡ ጦስኝ ነው የሚቀርበው፤ መጀመሪያ ሳቁባቸው፣ አሁን ለምደውታል። እንቅልፋቸው ሙሉ ሆነ ወይ? አልሆነም። አሁንም አንዳንድ ሌሊት ይነቃሉ። «ግን ነቅቼ የምጠብቀው ነገር የለም፣ ተመልሼ እተኛለሁ» ነው ያሉኝ።

ውጭ ላላችሁ ልጆቼ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለእናት ለአባታችሁ የሚያረጋጋ ነገር ከመላካችሁ በፊት «ሌሊት ምንድን ነው የሚቀሰቅስሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እስኪነግሯችሁ ታገሡ፤ በመጀመሪያው ደውል አይነግሯችሁም። እዚህ ያለነው ደግሞ ጎረቤት ያለ አረጋዊ ቤት ጎራ ብለን ክኒናቸውን በየስንት ሰዓቱ እንደሚውጡት እንይ፤ የማይገባን ከሆነ ይዘናቸው ጤና ጣቢያ እንሂድ።

ሰውየው በቀጠሮው ቀን መጣ። አበባውን አልያዘም። የእግር ሹራብ፣ መነጽርና ማታ ስትነሳ እንዳትደናቀፍ ተብሎ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ መብራት ነበር የላከችላቸው።

ደህና እደሩልኝ።