የማሽላ ሳቅ

በአሶሳ አገር ለሚኖሩት ለበርታ ሰዎች ማሽላ ዋና እህል ነው፤ ዱቄቱ ገንፎ ይሆናል። ፍሬው ሲቆላ ግን፥ እሳት በበረታበት ጊዜ ጧ ብሎ ይፈነዳል፤ ቅርፊቱም ተከፍቶ ነጩ ውስጡ እንደ ጥርስ ብልጭ ይላል። ማሽላ በሌላውም አገር ይበላልና፥ ይህን ያየ አንድ የጥንት ሰው፥ ኀዘኑን በልቡ ሸሽጎ በሰው ፊት የሚስቀውን አስቦ፥ በአማርኛ «ማሽላ እያረረ ይስቃል» አለ። ተናጋሪው ስሙን አልተወም፤ ምናልባት ሴት ትሆናለች፥ ከምጣዱ አጠገብ የምትውል እርስዋ ናትና።

ይህን ምሳሌ በመጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ፥ ማሽላ ሲቆላ ካላየ፥ ፊደሉን ይቈጥራል እንጂ ሳቁን አያገኘውም። የአሶሳ ልጅ ግን ማታ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ፍሬው ሲፈነዳ ያያል፤ ከዚያም ቀና ብሎ ፈገግ ያለችውን እናቱን ይመለከታል።