ከብሩሹ በፊት አየሩ

ትልቁን ነገር አሳንሶ ማሳየት የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ያዳበረው ጥበብ ነው። ሕፃን ከጭቃ በሬ ይሠራል፤ መሐንዲስ ገና ያልተገነባውን ድልድይ በካርቶን ያቆማል፤ መምህርም ተማሪዎቹ በዓይናቸው ሊያዩት የማይችሉትን የእሳተ ገሞራ አፍ ወይም የልብን ክፍሎች በሞዴል ያቀርብላቸዋል። በየትምህርት ቤቱ የተደራጁት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት ዓላማም በአካባቢው ከሚገኝ ቁሳቁስ እንዲህ ያለውን መርጃ መሣሪያ ማዘጋጀት ነው። ይሁን እንጂ የሞዴል ሠሪው ሙያ የሚፈተነው ቅርጹን በሚሠራበት ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ቀለም የሚቀባበት ሰዓት ሲደርስ ነው።

የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ በሆነችው በዘመሮ የሚኖር አንድ የሥነ ሥዕል መምህር ይህንን እውነት በተግባር አገኘው። ከካርቶንና ከስቱኮ የመንዝን የድንጋይ ቤት በ1/50 መጠን ሠራ። በዚህ ልኬት 4 ሜትር ከፍታ ያለው ቤት 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የድንጋዩ አደራደር፣ የጓሳ ሣር ክዳኑ፣ በሩ ሁሉ በሚገባ ወጣ። ነገር ግን በብሩሽ ሲቀባው የጠጉሩ ፈለግ በግድግዳው ላይ ቀረ። የ1 ሚሊ ሜትር የቀለም እብጠት በእውነተኛው ቤት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከሁሉ የከበደው ደግሞ ለብዙ ዓመታት የምድጃ ጢስ ያጠቆረውን ክዳን ማሳየት ነበር። ጢስ ድንበር የለውም፤ ከጥቁሩ ወደ ግራጫው፣ ከግራጫው ወደ ሣሩ ቀለም ቀስ በቀስ ይጠፋል። ብሩሽ ግን በደረሰበት ሁሉ ድንበር ያሰምራል።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚያገለግለው መሣሪያ የአየር ብሩሽ ነው። ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም፤ የጥንት ሰዎች እጃቸውን በዋሻ ግድግዳ ላይ አኑረው ቀለም በአፋቸው እየነፉ የጣቶቻቸውን ምስል ትተዋል። በመሣሪያነት ደረጃ ግን አሜሪካዊው አብነር ፒለር እ.ኤ.አ. በ1879 መነሻውን ሠራ፤ ቻርልስ በርዲክ ደግሞ በ1890ዎቹ መጀመሪያ አሁን ወዳለው ቅርጽ አቀረበው። አሠራሩም ቀላል ነው፤ የታመቀ አየር በጠባብ አፍንጫ በፍጥነት ሲያልፍ ቀለሙን እየሳበ እንደ ጉም ይበትነዋል። የቀለሙን መጠን የሚወስነው በአፍንጫው ውስጥ የምትገባና የምትወጣ ቀጭን መርፌ ናት።

እንግዲህ የመምህሩ ጥያቄ የትኛውን ይግዛ የሚል ሆነ። ያጠራቀመው ገንዘብ ለሁለት ስሕተት የሚበቃ አልነበረም። በመጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው 0.2 ሚሊ ሜትር አፍንጫ ባለው፣ እንደ ጌጥ በሚያብረቀርቅ ውድ ብሩሽ ላይ ነበር። ለኮምፕረሰሩ ከዚያ የተረፈችውን ገንዘብ ለማዋል አሰበ። ይህንን ሐሳቡን ከሱፍ ባና ሲሠሩ ለኖሩ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ቢያጫውታቸው፣ «ልጄ፣ መወርወሪያው የቱንም ያህል ቢያምር ድሩ ካልተወጠረ ባና አይወጣም» አሉት።

የሽማግሌው ቃል በትክክል የነገሩን ሥር የነካ ነበር። የአየር ብሩሽ የሚሠራው አየሩ ሳይቆራረጥ ሲደርሰው ነው። አነስተኛው ኮምፕረሰር አየሩን በምት በምት ስለሚገፋ ቀለሙም በምት በምት ይወጣል፤ መስመሩም ይንቀጠቀጣል። አንጥረኛ ይህን ችግር ከብዙ ዘመን በፊት ፈትቶታል፤ ሁለት ወናፎችን ተራ በተራ በመጫን አንዱ ሲሞላ ሌላው እንዲተነፍስ አድርጎ እሳቱን ያለማቋረጥ ያነዳል። በኮምፕረሰር ላይ ይህንን ተግባር የሚያከናውነው የአየር ማጠራቀሚያው በርሜል ነው። 3 ሊትር የሚይዝ ትንሽ በርሜል እንኳ የሞተሩን ምት አለዝቦ አየሩን እኩል ያደርገዋል። ከእርሱም ጋር ግፊቱን የሚወስን መቆጣጠሪያ፣ የውሃ ማጥመጃና የደኅንነት ቫልቭ ሊኖሩ ይገባል። ለሞዴል ሥራ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ባር የሚደርስ ግፊት ይበቃል።

የቦታውም ጠባይ ከምርጫው መገለል የለበትም። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በመንዝ ደጋ ላይ የሚሠራ ኮምፕረሰር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር የሳሳ ነው፤ በርሜሉን ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ሞተሩም ቶሎ ይግላል። በፋብሪካው ወረቀት ላይ «ይበቃል» የተባለው ለደጋው ላይበቃ ይችላል። በበጋ ደረቁ አየር ቀለሙን በመርፌዋ ጫፍ ላይ ያደርቀዋል፤ በክረምትና በጉም ጊዜ ደግሞ ሲታመቅ ውሃ የሚያንጠባጥበው አየር የተቀባውን ያበላሻል። የውሃ ማጥመጃው ቅንጦት የማይሆነው ስለዚህ ነው።

ከባሕር ማዶ ዘመድ የሚልከውን መሣሪያ በተመለከተም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ሞተር ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠራ ሲሆን የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ሳያስተውሉ የሰኩት ሞተር በቅጽበት ይቃጠላል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜስ? ሞዴል ሠሪዎች ከቆየ ልምድ ያገኙት አንድ ዘዴ አለ፤ ጎሚስታ ዘንድ የተነፋ የመኪና ጎማ በመገጣጠሚያና በግፊት መቆጣጠሪያ አማካይነት ለአጭር ሥራ የሚሆን አየር ይሰጣል። አየሩ እየተመናመነ ስለሚሄድ ለሰፊ ሥራ አይበቃም፤ የጀመሩትን ክፍል ለመጨረስ ግን ይረዳል።

ስለ ብሩሹም ቢሆን መካከለኛው መንገድ ለጀማሪ ይስማማል። በአንድ እንቅስቃሴ የሚሠራው ዓይነት፣ ቁልፉ ሲጫኑት አየሩን ብቻ ይከፍታል፤ የቀለሙ መጠን አስቀድሞ በብሎን ይወሰናል። በሁለት እንቅስቃሴ የሚሠራው ግን ቁልፉን ወደ ታች ሲጫኑት አየር፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለም ይለቃል። ልምምዱ ይከብዳል፤ የጢሱን ደብዛዛ ጠርዝ የሚያወጣው ግን እርሱ ነው። የቀለም ጽዋው ከላይ የሆነ እንደ ሆነ ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል፤ በአነስተኛ ግፊትም ይሠራል። 0.2 ሚሊ ሜትር አፍንጫ በጥቂት ጓል ይደፈናል፤ 0.3 ሚሊ ሜትሩ ይበልጥ ታጋሽ ነው። መርፌዋ የተጣመመች ዕለት መለዋወጫው የሚፈለገው አዲስ አበባ ድረስ ተሂዶ ከሆነ፣ መለዋወጫ ያለው መሣሪያ ስመ ጥር ከሆነው ይመረጣል።

አንድ የሥራ ባልደረባው፣ ማሽን የሚረጨው ቀለም የእጅ ጥበብ ሊባል አይችልም ሲል ተከራከረው። ክርክሩ አዲስ አይደለም። ሠዓሊው ማን ሬይ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ዓመታት ጀምሮ በዚህ መሣሪያ ሥዕሎችን ሠርቷል፤ እነዚያ ሥዕሎችም ዛሬ በሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላቸው። ከዚህም በላይ ዋሽንትን ማን ነው የሚያናግረው? ቀርከሃው አይደለም፤ የነፊው ትንፋሽና ጣት ነው። በአየር ብሩሽም ርቀቱን፣ ፍጥነቱንና የቁልፉን ሥበት የሚወስነው እጅ ነው። ቀለሙን እንደ ወተት አቅጥኖ፣ በስስ ንብርብር መልሶ መላልሶ መርጨትን የሚያስተምረው ደግሞ ትዕግሥት ነው። የበሩ ብረትና የድንጋዩ ሽበት አሁንም በቀጭን ብሩሽ መነካት ይኖርባቸዋል።

መምህሩ በመጨረሻ ውዱን ብሩሽ ትቶ ባለ 0.3 ሚሊ ሜትሩን፣ በርሜል ካለው ኮምፕረሰር ጋር መረጠ። ከገንዘቡም ለመተንፈሻ ጭንብል የሚሆነውን አስቀረ፤ እንደ ጉም የተበተነ ቀለም፣ በተለይም ቲነር የገባበት፣ ወደ ሳንባ ይገባልና። መሣሪያውን ከመኝታ ቤቱ ይልቅ መስኮቱ በሚከፈት የትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ አኖረው። ተማሪዎቹም በመጀመሪያ ሞዴሉን እንዲነኩ አልተፈቀደላቸውም፤ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ በውሃ የቀጠነ ቀለም ነጥብ፣ ቀጥሎም መስመር፣ ከዚያም ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሸጋገር ጥላ ተለማመዱ። በየሥራው መጨረሻ መርፌዋን ማጠብ የተረኛው ኃላፊነት ሆነ።

የኪነ ጥበብ መሣሪያ እንዲገዛ የሚጠይቅ ማመልከቻ በየኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ በሚቀርብበት ጊዜ፣ ዋጋውና ስሙ ብቻ መታየት የለበትም። የሚሠራበት ቦታ ከፍታ፣ የመብራቱ ሁኔታ፣ የመለዋወጫው መገኘት፣ የሠራተኛው ጤንነት አብረው ይጠየቁ። እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ፣ ውድ ዕቃ በቁም ሣጥን ተዘግቶበት ይቀራል፤ ከተመለሱ ግን መጠነኛው መሣሪያ ለብዙ እጆች ሥራ ይሆናል።