የማን ልጅ ነህ?

ይድረስ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ላለኸው ለምወድህ የክርስትና ልጄ።

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። የአባትህን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ለቀብሩ ሳልደርስ መቅረቴ ያንገበግበኛል፤ ጉልበቴ እንኳን አርባ ምንጭ፣ ከሽሮ ሜዳ ስድስት ኪሎም አላደርስ ብሎኛል። ስደውልላችሁ እናትህ ስልኩን ስታቀብልህ ብዙ አላወራህም። «አባባ፣ ከእንግዲህ የማን ልጅ ነህ ሲሉኝ ምን እላለሁ?» አልክና ዝም አልክ። እኔም መልስ ሳልሰጥህ አለቀስኩ። ያን ቀን ያቃተኝን መልስ ነው አሁን የምጽፍልህ።

በመጀመሪያ ግን አልቅስ። «አንተ ወንድ ነህ፣ ለእናትህ ስትል ጠንክር» የሚሉህ ለቀስተኞች ክፉ አስበው አይደለም፤ ቢሆንም ጌታችን ራሱ ቢታንያ ላይ ለአልዓዛር እንዳለቀሰ አትርሳ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ትንሣኤን ማመን እንባን አይከለክልም።

አሁን ስለተወለድክበት ሳይሆን ስለተጠመቅክበት ቀን ላጫውትህ። አባትህ ሌሊቱን ሙሉ አይሱዙ ላይ ሙዝ ሲጭን አድሮ ነበር ቤተ ክርስቲያን የደረሰው። የሙዝ ፈሳሽ እንደምታውቀው በሳሙናም አይለቅም፤ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። በነጭ ነጠላ ተጠቅልለህ ሳለ ሊያቅፍህ እጁን ዘረጋና መለሰው። «አቆሽሸዋለሁ፣ አንተ ያዘው» አለኝ። ካህኑ አጥምቀው፣ ማተብህን አስረው ሲሰጡኝ የተቀበልኩህ እኔ ነኝ። አባትህ ከጎኔ ቆሞ፣ በዚያ በጠቆረ ጣቱ ጫፍ እግርህን ብቻ ነካ። ከደጅ እንደወጣን «የልጄ ቀን 40፣ የከተማዬ ምንጭ 40፤ በል ከዛሬ ጀምሮ አበልጅ ነን» ብሎ ሳቀ።

እንግዲህ ልጄ፣ አባትህ ሊያቅፍህ እየጓጓ ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጠህ። ቤተ ክርስቲያን ልጅን ለሁለት ሰው ብቻ አትተውም፤ አበልጅ፣ የክርስትና እናትና አባት፣ የንስሐ አባት እያለች ዘመድ ታበዛለታለች። ያን ዕለት የተሰጠህ የክርስትና ስም ደግሞ በ«ወልደ» ይጀምራል። ወልደ ማለት በግእዝ «የእገሌ ልጅ» ማለት ነው። አፍህን ሳትፈታ፣ ጥያቄው ሳይመጣብህ ተመልሶልሃል።

አባትነት በደም ብቻ እንደማይለካ የጋሞ ልጅ ከኔ ይበልጥ ያውቃል። መስከረም 2011 ዓ.ም ቡራዩና አካባቢው ላይ የጋሞ ወገኖቻችን ተገድለው አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ሲወጣ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ ተመለሰ። የተንበረከኩት አብዛኛውን ወጣት አልወለዱትም፤ እሱ ግን «አባቶቼ ናቸው» ብሎ አልፏቸው መሄድ አቃተው። ያኔ አንተ ልጅ ነበርክ። አባትህ ደውሎልኝ ድምፁ እየተቆራረጠ ሲነግረኝ ትዝ ይለኛል።

የአባትህን ቦታ እተካለሁ ግን አልልህም። ማንም አይተካውም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ በሰማይም በምድርም ያለ አባትነት ሁሉ ስሙን ያገኘው ከእግዚአብሔር አብ እንደሆነ ይነግረናል። ሲቀላ ላይ ውሃ የምትቀዱት ከቧንቧ ነው፤ ምንጩ ግን ከገደሉ ስር ነው። የቧንቧው ውሃ በተቋረጠ ቀን ምንጩ ደረቀ የሚል የአርባ ምንጭ ሰው የለም። ጥሙ ግን ጥም ነው። አሁን ጠምቶሃል፤ አውቃለሁ።

እስከ አባትህ 40ኛ ቀን ድረስ ጥቂት ነገር ላስቸግርህ። ከእናትህ ጋር ከአንድ ትሪ ብላ፤ አንተ ካልጎረስክ እሷ አትጎርስም። ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ እንኳ እናቱን ለዮሐንስ አደራ መስጠቱን አልረሳም። ማታ ብቻህን አትተኛ። እድርተኞቹ «ምን እናድርግ?» ሲሉህ አትፈር፣ ንገራቸው። ስለ አባትህ የሙዝ ንግድ፣ ስለ ብድሩ ማንም ቢያጣድፍህ «አባባ ይምጣ» በለው። በምርኩዝም ቢሆን እመጣለሁ። ጸሎትህ ቢያጥርብህ «አባታችን ሆይ» በቃህ። ሰው ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ ሲጸልይ እንኳ «አባቴ ሆይ» ብሎ እንደማይጀምር ልብ ብለሃል?

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። አባትህ ከማረፉ ከሳምንት በፊት በአውቶቡስ ካርቶን ላከልኝ። እንደ ልማዱ ጥሬ ሙዝ ነው፤ በላዩ «ለአበልጄ» ብሎ በእስክሪብቶ ጽፎበታል። መርዶው ሲደርሰኝ አረንጓዴ ነበር። ትናንት ጠዋት ብከፍተው ቢጫ ሆኖ መዓዛው ቤቱን ሞላው። ለብቻዬ አልበላ ስላለኝ የሰፈር ልጆች ጠርቼ አካፈልኳቸው። አንዷ ትንሽ ልጅ እየላጠች «ማን ላከልህ?» ብትለኝ፣ «ላከልኝ» እንጂ «ልኮልኝ ነበር» ማለት አልቻልኩም። አንተም የማን ልጅ ነህ ሲሉህ የአባትህን ስም ጥራ፤ «ነበርኩ» አትበል።

የክርስትና አባትህ፣
ከሽሮ ሜዳ