ስለ ልብ ወለድ መጻሕፍትና ስለ መጽሐፍ አዟሪ ምክር

ሰው መጽሐፍ የሚመርጥበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ የደራሲውን ስም አይቶ ይገዛል፤ ሌላው የሽፋኑ ሥዕል ይማርከዋል፤ ሦስተኛው ጋዜጣ ያመሰገነውን ይፈልጋል። ቤተ መጻሕፍት በራቀበት፣ የመጽሐፍ መደብርም በሌለበት ከተማ የሚኖር አንባቢ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚታመነው በአንድ ሰው ቃል ነው፤ ይኸውም መጽሐፉን በክንዱ ደርድሮ እስከ ደጁ የሚያመጣለት አዟሪ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንነጋገርበት የወደድነው ስለዚህ ሰው ምክር ነው።

አሰቦትን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ አሮጌው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ የተዘረጋባት ትንሽ የቆላ ከተማ መሆንዋን ይወቅልን። ከበላይዋ የአሰቦት ተራራ ይታያል፤ በተራራውም ላይ ስመ ጥሩው የደብረ ወገግ ገዳም አለ። በሥራ ምክንያት ወደ እርስዋ በተመላለስንባቸው ዓመታት የመጽሐፍ መደብር አላገኘንባትም። ያገኘነው ከአሰበ ተፈሪ፣ ማለት ከዛሬይቱ ጭሮ፣ በአውቶቡስ እየወረደ በትምህርት ቤቱ ደጅና በሻይ ቤቶቹ በረንዳ የሚዘዋወር አንድ አዟሪ ነበር።

የዚህ ሰው አሻሻጥ ከሌላው ነጋዴ የተለየ ነበር። «ምን ልስጥዎ?» አይልም፤ «መምህር፣ በቅርቡ ያነበቡት የትኛውን ነው? ወደዱትን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ከሰማ በኋላ ከክንዱ ላይ አንዱን መዝዞ ያወጣና ከመጀመሪያው ገጽ ሳይሆን ከመካከሉ ከፍቶ ይሰጣል። ምክንያቱን በጠየቅነው ጊዜ፣ «መግቢያውንማ ሁሉም ያሳምረዋል፤ ደራሲ የሚደክመው ከመካከል ነው» አለን። ከሁሉም ያስደነቀን ግን ገዢው ገንዘቡን አውጥቶ ሳለ፣ «ይኸኛውስ ለእርስዎ አይሆንም፤ ይቅርብዎ» የሚልበት ጊዜ መኖሩ ነው።

ነጋዴ ገበያውን በገዛ እጁ እንዴት ይመልሳል ቢባል፣ ነገሩ ቸርነት ብቻ አይደለም። የአሰቦት አንባቢዎች ቍጥር ጥቂት ነው፤ አስተማሪው፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ፣ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ፣ አንዳንድ ተማሪ፣ እነዚሁ ናቸው። ዛሬ የተታለለ ሰው በሚመጣው ሳምንት ፊቱን ያዞራል፤ ወሬውም ከሻይ ቤት ወደ ሻይ ቤት ሲዛመት አይውልም አያድርም። በትልቅ ከተማ መጥፎ መጽሐፍ ያሻሻጠ ሰው ሌላ መንገደኛ ያገኛል፤ በትንሽ ከተማ ግን ሻጩና ገዢው ተመልሰው የሚገናኙ ናቸው። እንግዲህ የአዟሪው ቃል በመያዣ የተሰጠ ቃል ነው፤ መያዣውም የነገ እንጀራው ነው። ለአንባቢውም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ በናረበት በዛሬው ጊዜ፣ ከደመወዙ ቀንሶ አንድ ልብ ወለድ የሚገዛ አስተማሪ ከሌላ ጕዳዩ ያጐደለ ሰው ነው። መጽሐፉ ከንቱ ሆኖ ቢያገኘው ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ሁለተኛ መጽሐፍ ለመግዛት የነበረው ፍላጎትም አብሮ ይጠፋል።

ለመሆኑ ለዚያ አገር አንባቢ ሊመከር የሚገባው የትኛው ነው? አዟሪው ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣ የነበረው የደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትን «አርአያ»ን ነው። በ1941 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ በፈረንሳይ አገር ተምሮ ወገኑን ለማገልገል ስለ ተመለሰ ወጣት ይተርካል። የደራሲው አባት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉ ሰው ከመሆናቸውም በላይ ጨርጨርን ያስተዳደሩና የአሰበ ተፈሪን ከተማ የቈረቈሩ ናቸው። ስለዚህ አዟሪው፣ «ይህ ሩቅ አገር አይደለም፤ የዚሁ የአገራችን ሰው ልጅ የጻፈው ነው» ሲል፣ ተማሪው መጽሐፍ የሚባለው ነገር ከሌላ ዓለም የወረደ እንዳልሆነ ይረዳል። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመውንና ዛሬ «ልብ ወለድ» ለምንለው የጽሑፍ ዓይነት ስሙን ያወረሰውን መጽሐፍ የደረሱት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም፣ ከዚያው ሐዲድ ዳር በድሬዳዋ የጕምሩክ ሹም ሆነው እንደ ነበር ሲነገረው ደግሞ መደነቁ ይበልጣል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» መካሪ አያሻውም የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በራሱ ስም ቆሟል፤ ወጋየሁ ንጋቱም በራዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ሁሉ ሰምቶታል። ስለ ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ግን እንዲህ ለማለት አይቻልም። በ1962 ዓ.ም. የወጣው ይህ መጽሐፍ ክርክር የበዛበት፣ ቸኵሎ ለሚያነብ ሰው የሚከብድ ነው። አዟሪው ይህን አይሸሽግም፤ «መጀመሪያው ዳገት ነው፤ ካለፉት በኋላ ግን ይወዱታል» ይላል። ከባድ መጽሐፍ ከዘመን ዘመን የሚሻገረው፣ ክብደቱን ሳይደብቅ፣ «ግን አይተዉት» የሚል ሰው ሲያገኝ ነው።

ምክሩ አደገኛ የሆነበትም ጊዜ ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከየመደብሩ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ራሱ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። መደብሮቹ ዝም ባሉበት በዚያ ዘመን መጽሐፉ አልሞተም፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከታመነ ሰው ወደ ታመነ ሰው በሹክሹክታ አለፈ። በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በውጭ አገር ሊታተም የበቃው፣ ያን ጊዜ ከጋዜጣ ማመስገኛ ሳይጠብቁ «ይህን ያንብቡ» ያሉ ሰዎች ስለ ነበሩ ጭምር ይመስለናል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንጠቅስ ብናልፍ ቅር ይለናል። የምዕራብ ሐረርጌ ተማሪ የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ብቻ ይዞ የሚወርድ አዟሪ ግማሹን አንባቢ ትቶ ይመለሳል። የእኛው አዟሪ ይህን አስቀድሞ ስላወቀ የዻባ ወዬሳን «ጎዳኒሳ» ከአማርኛዎቹ ጎን ይደረድር ነበር፤ ልጁ በመጀመሪያ በአፉ በፈታበት ቋንቋ ልብ ወለድን ከወደደ፣ በሁለተኛው ቋንቋ ለማንበብ ራሱ እንደሚመጣ ይናገር ነበር። ይህ ከብዙ ስብሰባ የማይገኝ የትምህርት ዘዴ ነው እንላለን።

ዛሬ ይህ ሥራ ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ ሄዷል። አሮጌው ባቡር መንገደኛ ማመላለሱን ካቆመ ወዲህ በየጣቢያው ወርዶ የሚገበያይ ሰው ቀርቷል፤ መጽሐፍን ያለ ደራሲው ፈቃድ አባዝቶ የሚሸጠው ሰው በርካሽ ዋጋ ይሻማዋል፤ ወጣቱም ዓይኑን ከስልኩ ላይ አያነሣም። አዟሪው ሥራውን ቢተው አሰቦት ያጣችው አንድ ነጋዴ ብቻ ሊመስለን ይችላል። በእውነቱ ግን የምታጣው በዓመት ውስጥ የወጣውን አንብቦ፣ ገለባውን ከፍሬው ለይቶ፣ «ለእርስዎ ይህ ይሆናል» የሚላትን ብቸኛ ሐያሲዋን ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ሹማምንትና ለመምህራን የምናቀርበው ልመና ትንሽ ነው። አዟሪው በመጣ ቀን ከበር አትመልሱት፤ በግቢው ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ስጡት፤ ተማሪዎችም በዕረፍት ሰዓት ከበው ይጠይቁት። ለመጻሕፍት የተመደበ ገንዘብ ካላችሁም ከዝርዝር ላይ ብቻ አትምረጡ፤ እርሱንም አማክሩት። አንባቢውም በበኩሉ ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት፣ «አንተ ራስህ አንብበኸዋል?» ብሎ ይጠይቅ። አዎን ብሎ መጽሐፉን ከመካከሉ ከከፈተለት፣ ያን ሰው አጥብቆ ይያዘው።